ስለ ሻይና ስለ ጉና ጦስኝ

ሻይ በመዠመሪያ የታወቀው በቻይና አገር ነው፤ ሉ ዩ የተባለ ሊቅ ስለ ተክሉና ስለ አፈላሉ መጽሐፍ ከጻፈ ከ1,200 ዓመት በላይ ይሆናል። በኢትዮጵያ የሻይ ተክል የሚለማው ዝናም ብዙ ወራት በሚዘንብበት በምዕራቡ ክፍል፥ በጉመሮና በውሽውሽ ነው። ደብረ ታቦር ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ብርዱ ብርቱ፥ ዝናሙም አብዛኛው የክረምት ስለ ሆነ ለዚህ ተክል አይመችም።

ዳሩ ግን የደጋ ሰው ከሥራ ሲመለስ ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ትኩስ ነገር ቢጠጣ አካሉ ይሞቃል፥ መንፈሱም ይረጋል፤ የውሃውም መፍላት ከብዙ በሽታ ይጠብቀዋል። ለዚህ የሚሆን ጦስኝ በጉና ተራራ ይበቅላል፤ ብቻውን ወይም ከሻይ ቅጠል ጋር ይፈላል።

ነገር ግን ጦስኝ ለገበያ ሲባል ከነሥሩ የተነቀለ እንደ ሆነ ለከርሞ አይገኝም፤ አፈሩም ራቁቱን ቀርቶ በጐርፍ ይታጠባል። ርብና ጉማራ ከጉና የሚነሡ ወንዞች ናቸውና ጉዳቱ እስከ ፎገራ ሜዳ ይደርሳል። ስለዚህ ሹማምንት ባላገሩ ጫፉን በማጭድ እንዲቈርጥ፥ ሥሩን ግን እንዳይነቅል ሊመክሩትና ሊከታተሉት ይገባል፤ ሥሩ የተጠበቀ ጦስኝ ተመልሶ ያቈጠቍጣልና።