ቡችላ ለያዝህ ልጄ

ልጄ፣ በእኛ በሰቆጣ ውሻ የሚያዘው ለጅብና ለሌባ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ቡችላውን ገና በጠዋቱ ያስረዋል፣ ሰው እንዳያይ ይሸሽገዋል፤ ኃይለኛ ይሆናል ብሎ ሚጥሚጣ የሚያበላም አለ። እንዲህ ያደገ ውሻ ፈሪ ይሆናል፣ ሲነክስም ከፍርሃቱ ነው። ሌባው ዱላ ይዞ ነውና የሚመጣው፣ የሚነከሰው እሳት ልትጭር የገባች የጎረቤት ልጅ ናት።

1. ጊዜውን አታሳልፍ። ቡችላ ሰውን በቀላሉ የሚለምደው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ 14ኛው ሳምንት ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡችሎችን ከሰው ለይተው በአጥር አሳደጉ፤ እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይነካቸው የቆዩት እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀሩ። ቢሆንም 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለየው።

2. እሱ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው አይሂድበት። ለዚህ ከቡና ሰዓት የተሻለ የለም፤ ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት ተቀምጦ ይጫወታል፣ ቡችላውም በራሱ ጊዜ ቀርቦ ያሸታል። እንግዳው ዓይን ዓይኑን አይየው፣ ከላይ አያጎንብስበት፤ ቁራሽ እንጀራ መሬት ላይ ያኑርለት። ጅራቱን ከወሸቀ፣ ጆሮውን ከለጠፈ፣ ሳይርበው አፉን ደጋግሞ ከላሰ ፈርቷልና ተወው። መሸሻ ጥግ አታሳጣው፣ በግድም ለማንም አታሳቅፈው።

3. የሰው ዓይነት ይይ። ጥምጣም ያሰረ ቄስ፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የዘረጋች ሴት፣ ጀሪካን ያዘለች ልጅ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው፤ አማርኛውንም አገውኛውንም ይስማ። በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡ ጎረቤቶችንም ይልመድ፤ የእነሱ ልጆች ያዩት ፍርሃት ይበቃቸዋል።

4. ከሕፃን ጋር ብቻውን አትተወው። ሲበላና ሲተኛ ልጆች አይንኩት። ድንጋይ የሚወረውርበትን ልጅ ተቆጣ፤ ተወግሮ ያደገ ውሻ ልጅ ባየ ቁጥር ይነሣል።

5. «ውሻ ያዙ!» ሲባል ፈጥነህ ውጣ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ሳታስበው አምልጦህ ጉዳት ቢያደርስም ኃላፊው ባለቤቱ ነው።

6. ከሁሉ በላይ የእብድ ውሻ በሽታን ፍራ። ክትባቱ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ነው፤ ሰው የሚለምድበት ጊዜ ደግሞ ያኔ እያለቀ ነው። ስለዚህ እስኪከተብ በግቢህ ውስጥ ከሰው ጋር አላምደው፤ ወደ ውጭ ስታወጣው ታቅፈህ ያዘው፣ ገበያና ቄራ ዙሪያ ከሚዞሩ ውሾች ጋር አታገናኘው። ከዚያም በየዓመቱ አስከትበው። ማንንም ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፣ ቡችላ ነው ብለህ አትናቅ፤ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠብ፣ ሰውየውንም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርስ። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ግን ክትባቱን ሳይጀምር አይደር። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ ከ100ው 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የቡችላህን 3ኛ ወር ከአሁኑ ቆጥረህ ያዝ፣ ቀኑ ሲደርስም ሥራ በዛብኝ ሳትል ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰደው።