ትምህርት 14፦ ወላጅን ማስረዳት

ሀ. መንደርደሪያ

አንድን ሐሳብ ማወቅና ያንኑ ሐሳብ ለሌላ ሰው ማስረዳት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በተለይም ሰሚው በዕድሜ የሚበልጠን፣ ለልጁ የሚሳሳና የምንናገረውን ሁሉ የሚመዝን ወላጅ ሲሆን፣ ማስረዳት ትዕግሥትንና የቃላት ምርጫን ይጠይቃል። በዚህ ትምህርት ስለ ሕፃናት ስካውት የተጻፈ ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎም «ቢ…ም» የሚገባበትን ዓረፍተ ነገር አመሠራረት ትመለከታላችሁ። በመጨረሻም ለወላጆች የሚነበብ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ለ. ምንባብ፦ ከብቱን ማን ያግዳል?

ስካውት የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን፣ ቀድሞ ከሠራዊት ፊት እየሄደ መንገድ የሚሰልለውን ቃፊር ያመለክት ነበር። ቃሉ ለወጣቶች ማኅበር መጠሪያ የሆነው ሮበርት ቤደን ፓወል በተባለ የእንግሊዝ የጦር መኮንን ምክንያት ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ወንዶች ልጆችን ብራውንሲ በተባለች ደሴት አስፍሮ ምግብ ማብሰልን፣ ገመድ መቋጠርን፣ ዱካ መከተልንና ለተጎዳ ሰው መድረስን አስተማራቸው። ልጆቹ ግማሾቹ ከባለጸጋ፣ ግማሾቹም ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ ለታናናሾቹ የተለየ ክፍል ተከፈተላቸው። በዚህ ክፍል ልጆቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ ይመደባሉ፤ እያንዳንዱም ቡድን ከመካከሉ አንድ አለቃ ይኖረዋል።

የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሠረተ፤ በ1969ም የዓለም አቀፉ የስካውት ድርጅት አባል ሆነ። በደርግ ዘመን እንቅስቃሴው ተቋርጦ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ማኅበሩ እንደገና በአባልነት ተመዘገበ።

አሁን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በሚገኝ አንድ የገጠር መንደር እንዲህ ያለ የሕፃናት ቡድን ሊቋቋም ታስቦ፣ መምህሩ ወላጆችን ሰብስቦ ሲያስረዳ እናስብ። መምህሩ ስለ ደሴቲቱና ስለ ዓለም አቀፉ ድርጅት ብዙ ተናገረ። ወላጆቹ በጸጥታ ሰሙት፤ ነገር ግን አንድም ሰው ልጁን ለማስመዝገብ አልተነሣም። በመጨረሻ አንድ አባት በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«መምህር፣ ነገሩ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ልጄ እረኛ ነው። ቅዳሜ እናንተ ዘንድ ከዋለ ከብቱን ማን ያግድልኛል? ከብቱ የሰው አዝመራ ቢገባ ካሣ የምከፍለው እኔ ነኝ።»

ከጎናቸው የተቀመጡ እናትም ቀጠሉ። «የእኔይቱ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማን ያሻግራታል? ደግሞስ የደንብ ልብስ ግዙ ብትሉን ከየት እናመጣለን?»

መምህሩ ጥቂት አሰበ። ያዘጋጀው ንግግር ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንዳልነበረው ተረዳ።

«አባቴ፣ የተናገሩት እውነት ነው» አለ። «ቡድኑ ጠቃሚ ቢሆንም የቤትዎን ሥራ ሊያፈርስ አይገባም። እስቲ እኔም ልጠይቅዎ። እረኞቹ ከብቱን ተራ ገብተው ይጠብቁ የለም?»

«ይጠብቃሉ።»

«ቡሄ ሲደርስስ? ልጆቹ ራሳቸው ተሰብስበው አውራጅ ይመርጣሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ያገኙትን ሙልሙል ይካፈላሉ። እናንተም እርሻውን በወንፈል ታርሳላችሁ፤ አጨዳውን በደቦ ትወጡታላችሁ። ስካውት የሚባለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልጆች ተባብረው መሥራትን፣ ቃል መጠበቅን፣ ችግኝ መትከልንና ቁስል ማጠብን አዋቂ ባለበት ይማራሉ። የስብሰባውን ቀን እረኞቹ እንደ ተራቸው እንዲመጡ አድርገን እንከፍለዋለን። በአጨዳና በውቂያ ወራት ስብሰባ አይኖርም።»

ወደ እናቲቱም ዞሮ፣ «እናቴ፣ ወንዙ ሲሞላ ማንም ልጅ አይሻገርም፤ ስብሰባው ይቀራል። የደንብ ልብስ ባይኖርም ልጅቱ ትመጣለች» አላቸው።

አባትየው መልሰው ጠየቁ። «ከልጆቹ ጋር የሚውለው ማን ነው? አንድ ሰው ብቻውን ነው?»

«አይደለም። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይኖራሉ፤ አንዱ ከወላጆች መካከል የሚመረጥ ይሆናል። የፈለገ ወላጅ ባሻው ሰዓት መጥቶ መመልከት ይችላል።»

«እንግዲያው ልጄን ከመላኬ በፊት እኔው ራሴ መጥቼ አያለሁ» አሉና ተቀመጡ። በዚያ ቀን ማንም ልጅ አልተመዘገበም። መምህሩ ግን ቀድሞ ከተናገረው ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ቃል ደስ አሰኘው።

ሐ. የቃላት ፍች

ቃፊር፦ ከሠራዊት ፊት እየሄደ የሚቃኝ ወታደር።
ወንፈል፦ ገበሬዎች በየተራ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያግዙበት ልማድ።
አውራጅ፦ ዘፈን እየመራ ሌሎቹ እንዲቀበሉት የሚያደርግ ሰው።
ሙልሙል፦ ለቡሄ የሚጋገር ድብልብል ዳቦ።
ፍኖት፦ የግእዝ ቃል ሲሆን መንገድ ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም ማለትም የሰላም መንገድ ማለት ነው።

መ. ሰዋስው፦ «ቢ» እና «ቢ…ም»

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ዝናብ ቢዘንብ ስብሰባው ይቀራል።
2. ዝናብ ቢዘንብም ስብሰባው አይቀርም።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ቢዘንብ» የሚለው ግሥ ሁኔታን ያመለክታል፤ የስብሰባው መቅረት በዝናቡ ላይ የተመሠረተ ነው። በሁለተኛው ግን በግሡ መጨረሻ ላይ «ም» በመጨመሩ ትርጉሙ ተለውጧል። ዝናቡ መኖሩ አልተካደም፤ ሆኖም ስብሰባውን አያስቀረውም። «ቢ» የተገኘው «ብ» እና «ይ» ሲገናኙ ነው፤ ብ + ይዘንብ = ቢዘንብ። በሌሎቹ መደቦች ግን «ብሄድም፣ ብትሄድም፣ ብንሄድም፣ ብትሄዱም» እንላለን። ለአክብሮት ሲሆን «ቢሄዱም» ይባላል። አሉታው «ባ» ነው፤ ባይሄድም፣ ባይኖርም።

ይህ አሠራር ለማስረዳት ድርሰት እጅግ ይጠቅማል። «ቡድኑ ጠቃሚ ነው፤ ስለዚህ ልጅዎን ይላኩ» የሚል ጸሐፊ የወላጁን ችግር አልሰማም። «ቡድኑ ጠቃሚ ቢሆንም የቤትዎን ሥራ ሊያፈርስ አይገባም» የሚለው ግን የሰሚውን ሐሳብ ተቀብሎ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከ«ቢ…ም» ቀጥሎ እውነተኛ መፍትሔ ካልመጣ ቃሉ ማባበያ ብቻ ይሆናል።

ሠ. መልመጃ

1. ወላጆቹ የመምህሩን የመጀመሪያ ንግግር ሰምተው ዝም ያሉት ለምንድን ነው?
2. መምህሩ ስካውትን ከየትኞቹ የአካባቢ ልማዶች ጋር አነጻጸረ? ንጽጽሩ የማይሠራበት ነጥብ ካለ አስረዱ።
3. ከምንባቡ ውስጥ «ቢ…ም» ወይም «ባ…ም» የሚገኝባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።
4. «ከብቱ የሰው አዝመራ ቢገባ» በሚለው ሐረግ ውስጥ «ም» ያልገባው ለምንድን ነው?

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ የሕፃናት ስካውት ወይም ሌላ የልጆች ቡድን ሊቋቋም ነው እንበል። ለወላጆች የሚነበብ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ቡድኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ግለጹ። በሁለተኛው ወላጆች ሊያነሡ የሚችሉትን ሁለት ስጋት ሳታቃልሉ አስቀምጡ። በሦስተኛው ለእያንዳንዱ ስጋት ሊፈጸም የሚችል መልስ ስጡ። ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወላጅ ጠይቁ፤ ስጋቱን ከአንደበታቸው ሰምታችሁ ጻፉ እንጂ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ልትፈጽሙት የማትችሉትን ተስፋም አትስጡ።