ከሞተር የሚገኝ መብራት

ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ በሌሊት በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰው መብራት ያስፈልገዋል። በመንገዱ ላይ እግረኛም ከብትም አለ። መብራቱ ከየት ይመጣል? ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲዞር ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ይሽከረከራል። በሽቦውም ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 ያገኘው ማይክል ፋራዳይ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር፤ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው የተማረው።

ሞተሩ ሲዘገይ መብራቱ ይደክማል፤ ሲፈጥን ይደምቃል። አምፖል ስንገዛ ቁጥሩን እናንብብ። የ6 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ላይ ቢገጠም ይቃጠላል። ትልቅ ይሻላል ብሎ መግዛትም አያዋጣም፤ ሞተሩ ካልቻለው ፍም ይመስላል።

ባትሪ ከሌለ ሞተሩ ሲጠፋ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። በጨለማ የቆመ ሰው ብስክሌቱን ከመንገድ ያውጣ፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና አያየውም።