አዳሪ ትምህርት ቤት ይሻለው ይሆን?

«ለአምዱ አዘጋጅ፦ የምኖረው ወረታ ነው። ሩዝ እየገዛሁ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የመጀመሪያ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ይማራል። ገበያ ላይ ደንበኛ 37 ኪሎ ስጪኝ ሲለኝ ሒሳቡን ከእኔ ቀድሞ ይነግረዋል። መጽሐፍ ሲገልጥ ግን ላብ ያጠምቀዋል፤ አንዱን መስመር ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል። ከአባቱ ሞት ወዲህ ደግሞ ሌሊት እየባነነ ይነሳል፤ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ትንሽ ነገር ከተናገሩት ይማታል። አስተማሪው ‹ሰነፍ ነው› ይለኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹ክፍያውን እኔ እችላለሁ፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ይግባ፤ እዚያ ሰው ይሆናል› እያለ ነው። እዚህ መንገዱም ትምህርቱም በየጊዜው ይቋረጣል፤ ልስደደው ስል ደግሞ ሆዴ አልችል ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»
እናት፣ ከወረታ

ወረታ ባለችበት በፎገራ ልጅ ከቤት ርቆ መማሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ወረታ ላይ ቤት ተከራይተው፣ በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰብ ጋ ደርሰው እሑድ ማታ ስንቃቸውን ይዘው የሚመለሱ ተማሪዎች በየሰፈሩ አሉ። ከእነሱ በፊትም የቆሎ ተማሪው ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ ሲጓዝ ኖሯል፤ ሁለቱም እንደ ወረታ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ናቸው። የጠያቂያችን ወንድም ሐሳብም ከቅንነት የመጣ ነው። ማየት ያለብን ግን ይህ ልጅ አሁን ባለበት ሁኔታ ቢሄድ ይጠቀማል ወይ የሚለውን ነው።

ደብዳቤው የያዘው ሁለት ችግር ነው፤ አንዱ የንባብ፣ ሌላው የሐዘን። ሁለቱንም በአንድነት «ስንፍና» ማለት ለአስተማሪው ይቀለው ይሆናል፤ ለልጁ ግን አይጠቅመውም።

ከንባቡ እንጀምር። በቃሉ ሒሳብ የሚያሰላ፣ ንባብ ላይ ሲደርስ ግን የሚደናቀፍ ልጅ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ይህ የአእምሮ ማነስ አይደለም፤ የሚቸግረው ፊደልን ከድምፅ ጋር አያይዞ ቶሎ ማውጣቱ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ተባዝተው 231 ቅርጽ ይሰጣሉ፤ «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው ከእግሩ ሥር ያለች ትንሽ ቅጥያ ብቻ ናት። ሌላው ልጅ ሳያስበው የሚያልፈውን ይህን ልዩነት እሱ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ቆሞ ይፈልገዋል። ላብ የሚያጠምቀውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ዲስሌክሲያ ነው ከመባሉ በፊት ግን ሌሎች ምክንያቶች ይታዩ። መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይመርመር፤ የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ፎገራ ደግሞ የወባ አገር ነው። ወደ ጭንቅላት የወጣ ወባ አንዳንድ ሕፃናት ላይ የማስታወስና የትኩረት ችግር ጥሎ እንደሚያልፍ ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ልጁ በሕፃንነቱ በወባ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ከሆነ እናትየው ለሐኪሙ ይንገሩ። ከዚያ የቀረባቸው ቀናት ይቆጠሩ፦ በሩዝ አጨዳ፣ በሕመም፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉን ባመሰው ግጭት። ሳይማር የቀረ ልጅና እየተማረ ማንበብ ያቃተው ልጅ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ የተለያየ ነው። ይህን ለመለየት የሚያግዝ ባለሙያ ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም፤ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን ያሠለጥናሉ። ባሕር ዳር ከወረታ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሐዘኑ ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሁለት ቃል ነው፦ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» እና «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ»። ልጁ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ስለ አባቱ የሚያነሳለት ሰው ካልነበረ፣ ያፈነው በመባነን፣ በሆድ ቁርጠትና በጠብ ቢወጣ አይገርምም። እናትየው ማታ ማታ የአባቱን ስም እየጠሩ፣ ፎቶውን እያሳዩ ቢያጫውቱት፣ እሳቸውም ዕንባቸውን ባይደብቁት መልካም ነው። መባነኑ ካልቀነሰ በደብረ ታቦርም ሆነ በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ይታይ። ስለ መሞት ማውራት፣ ምግብ መተው ወይም ራሱን መጉዳት ከጀመረ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅ።

አሁን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ቀጥሎም ጄኔራል ዊንጌት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪ እየለቀሙ ያስተማሩ ቤቶች ነበሩ። ያ ልማድ ዛሬም አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ የወላጅ ዓይን ወደ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ዞሯል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለውን ኃይሌ ማናስ አካዳሚን የመሳሰሉት ለድኻ ልጅ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፤ በሩን የሚከፍተው ግን የመግቢያ ፈተና ነው። ለድጋፍ ተብለው የተሠሩት አዳሪ ቤቶች ደግሞ፣ የሰበታው መርሐ ዕውራንም ሆነ የሆሳዕናው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት፣ ማየት ወይም መስማት ለተሳናቸው ልጆች ናቸው። ማንበብ የሚቸግረውና ልቡ የተሰበረ የ13 ዓመት ልጅ ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። የሚቀረው በክፍያ የሚያስተናግድ የግል አዳሪ ቤት ነው፤ ከክፍያው ጋር ድጋፍ መኖሩ ደግሞ በጥያቄ መረጋገጥ አለበት።

አንድ ሥጋትም አለ። እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ሐኪም ጆይ ሻቨርየን በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በልጅነታቸው አዳሪ የተላኩ ሰዎች ስሜታቸውን መደበቅ ተምረው እንደሚያድጉ፣ ችግሩም ካደጉ በኋላ እንደሚከተላቸው ጽፈዋል። የሁሉም ዕጣ ይህ ነው ማለት አይደለም። አባቱን የቀበረ ልጅ ግን «ሰው እንድትሆን» ተብሎ ሲላክ፣ ስለ ጠብ አጫሪነቱ እንደተባረረ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ለልጃቸው የትኛውም ትምህርት ቤት አልሆን ያላቸው የዘሚ የኑስ መንገድ ለጠያቂያችን ጥሩ ምሳሌ ነው። ዘሚ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ቦታ ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ማዕከሉ ልጆቹን ቀን አስተምሮ ማታ ወደየቤታቸው የሚመልስ ነው። የወረታው ልጅ ችግር ከኦቲዝም የተለየ ቢሆንም፣ ድጋፍ ማለት የግድ ከቤት መለየት እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ቤተሰቡ አዳሪ ቤቱን ካልተወ፣ ወንድምየው ክፍያ ከመክፈላቸው በፊት በአካል ሄደው ያጣሩ። ዋናው ነገር ከክፍል ይልቅ ከማታ ጥናት በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ልጁ የሚባንነው ሌሊት ነውና። መኝታ ቤቱ አጠገብ የሚያድረው ማን ነው? ለስንት ልጅ? ሥራው በር መቆለፍ ብቻ ነው ወይስ ልጅ ሲያለቅስ ያናግራል? አልጋ ላይ የሸና ልጅ ቢኖር ምን ይደረጋል? ንባብ የሚያስተምረው ሰው በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሠልጥኗል? በሳምንት ስንት ጊዜ ለብቻው ያስቀምጠዋል? ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል? እናቱን በስልክ የሚያገኘው በወር አንዴ ነው ወይስ በፈለገ ቀን? ከአንድ ወር በኋላ አልቻልኩም ቢል ክፍያው ይመለሳል?

ስለ ቅጣትም በግልጽ ይጠየቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። «እኛ ጋ ሥርዓት በአለንጋ ነው» ብሎ የሚኩራራ ኃላፊ ካለ ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አያስፈልግም። ጉብኝቱም በወላጆች ቀን አይሁን፤ ሳይነግሩ፣ በራት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ነባሮቹን ተማሪዎች ኃላፊው በሌለበት ማናገርም ብዙ ያስረዳል።

የአምዱ ምክር ግን በዚህ ዓመት ልጁ ከቤቱ እንዳይወጣ ነው። ጠያቂያችን ለወንድማቸው «ገንዘቡን አልጠላሁትም፣ በሌላ እናውለው» ይበሏቸው። ለምርመራው መጓጓዣና ለአንድ ታጋሽ አስጠኚ ይዋል፤ ጡረታ የወጣ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ከተገኘ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በየዕለቱ፣ ልጁ ተደናቅፎ ካቆመበት ፊደል ጀምሮ ያስነብበው። የክፍሉ አስተማሪ ጋም እናትየው ብቻቸውን ባይሄዱ ይሻላል፤ የምርመራውን ወረቀት ይዘው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይቀመጡ፣ ልጁ ክፍል ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ እንዳይገደድና ጥያቄ በቃል እንዲመልስ ይጠይቁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ስታጸድቅ የመማር ችግር ያለበትን ተማሪ በየትምህርት ቤቱ ለመደገፍ ቃል ገብታለችና ጥያቄው ልመና አይደለም። ገበያ ላይ ሒሳብ መሥራቱንም አይከልክሉት፤ ጎበዝ የሚባልበት ቦታ እሱ ነው።

በመጪው ነሐሴ ነገሩ እንደገና ይታይ። መባነኑ ከቀነሰ፣ ንባቡም ፈቀቅ ካለ፣ ልጁም ትምህርት ቤቱን በዓይኑ አይቶ «ልሂድ» ካለ፣ ያን ጊዜ ወንድምየው ምርጫቸውን ያቅርቡ። ተመሳሳይ ድጋፍ ያለው ቤት ባሕር ዳር ከተገኘ ከአዲስ አበባው ይቅደም፤ መንገድ ሰላም በሆነ ቀን እናት ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሱበታል።