የጎርፍ ጠቋሚ መሣሪያዎችና አያያዛቸው

ይህ ጽሑፍ በደረቅ ወንዞች ዳር ለሚያርሱ ገበሬዎችና በነዚሁ አካባቢዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከተማ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከከተማው በስተደቡብ ካለው ደጋ ሲሆን፣ ቆላው ላይ ያለ ሰው የራሱን ሰማይ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ መለካት የሚገባው ዝናቡ የሚወርድበት ቦታ ነው።

የዝናቡን ብዛት ለመረዳት የሚከተለው ስሌት ይጠቅማል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነ ተፋሰስ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከዚህ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል። ተዳፋቱ የተራቆተ ከሆነ ግን አብዛኛው ወደ ወንዙ ይወርዳል።

መሣሪያዎቹ

በራሱ የሚመዘግብ የዝናብ መለኪያ በውስጡ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የሚገለበጡ ሁለት ትናንሽ ማንኪያዎች አሉት። በብዙዎቹ ዓይነቶች አንዱ ማንኪያ ሞልቶ ሲገለበጥ 0.2 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥሩ በሞባይል ስልክ መስመር ወይም በሳተላይት ወደ ማዕከል ይተላለፋል። ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ብርሃን በሚሞላ ባትሪ ነው።

የወንዙን ከፍታ ለማወቅ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ የግፊት ሴንሰር፣ ወይም ከድልድይ ሥር ተሰቅሎ ሞገድ ወደ ታች የሚልክ ራዳር ይሠራበታል። አሸዋማ በሆኑ ወንዞች ውስጥ የሚቀመጠው ሴንሰር በደለል ስለሚቀበር፣ ድልድይ ባለበት ሁሉ ራዳሩ ይመረጣል።

አንድ መሣሪያ ብቻውን ብዙም አይጠቅም። የደጋ ነጎድጓዳማ ዝናብ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍን በመሆኑ፣ አንዱ ቀበሌ ሲጥለቀለቅ የጎረቤቱ መለኪያ ደረቅ ሊሆን ይችላል። በእኛ አስተያየት አንድ ውድ ጣቢያ ከማቆም ይልቅ በተፋሰሱ ላይ የተበተኑ ብዙ ቀላል መለኪያዎች ይሻላሉ። በእጅ የሚለካው ተራ የዝናብ መለኪያም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል።

ባዶና ዜሮ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅጠል፣ የሸረሪት ድር ወይም የወፍ ጎጆ አፉን የደፈነው መሣሪያ፣ ዝናቡ እየወረደ እንኳ 0 ብሎ ይልካል። ማዕከሉ ያለው ባለሙያ ይህን ሊያውቅ የሚችለው የቅርቡን መለኪያ ሲያመሳክር ነው። ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ለቅሶ ሄዶ ሳይለካ የዋለ ለኪ ቦታውን ባዶ ላለመተው 0 ይጽፋል። ይህ ከስንፍና የባሰ ጉዳት አለው፤ ያልተለካ ቀን «አልተለካም» ተብሎ መጻፍ አለበት። የሁለት ቀን ዝናብ አንድ ላይ ከተለካም የሁለት ቀን ድምር መሆኑ ይገለጽ። ልኬቱ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይወሰዳል።

አያያዝ

መለኪያው ከዛፍ ወይም ከቤት ቢያንስ የከፍታቸውን እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። ፍየል እንዳይገባ ዙሪያው ይታጠር፣ ነገር ግን አጥሩ ከመለኪያው አፍ በላይ አይውጣ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ማንኪያዎቹ ይታጠቡ፣ ባትሪው ይፈተሽ፤ መሣሪያ ሲተከል ብዙ ሰው ይሰበሰባል፣ ባትሪው ሲደክም ግን የሚጠይቅ እምብዛም ነው።

ማስጠንቀቂያው ሲደርስ

ዶፍ በሚወርድበት ሌሊት የስልክ መስመር ሊቋረጥ ይችላል። ስለሆነም ከደጋው ሰፈር አንድ ሰው፣ ከቆላው ሁለት ሰዎች አስቀድመው ይመረጡ፤ መስመሩ ከተቋረጠ በጡሩንባ ወይም በጥይት ድምፅ ለመጠራራት ከወዲሁ ይስማሙ። መልእክቱ እንደደረሰ በቅድሚያ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናትና አረጋውያን፣ ከወንዙ ይራቁ። ጊዜ ካለ በአሸዋው ላይ ያደሩ ከብቶችና የውሃ ፓምፑ ይነሱ። ለፓምፕ ተብሎ ወደ ወንዙ መመለስ አይገባም።

ውሃው ከጎደለ በኋላ በድልድይ ምሰሶ ወይም በቋጥኝ ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ሳይታጠብ በቀለም ምልክት ተደርጎ ቀኑ ይጻፍበት። ራዳሩ ስንት ሜትር ላይ ማስጠንቀቅ እንዳለበት የሚወሰነው ከነዚህ ምልክቶች ጭምር ነው።