ባዶው የኬሚካል ጀሪካን ውሃ መቅጃ አይሆንም!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እርሻ ነው። «ዶክተር፣ እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ እርሻ ምን አገባኝ?» እንዳትሉኝ። ቲማቲሙም ጎመኑም የሚመጣው ከማሳ ነው። ደግሞ ብዙዎቻችን ገጠር ውስጥ አባት፣ አጎት ወይ አክስት አለን። ስትደውሉላቸው ይህንን ንገሩልኝ።

❗ ጉዳቱ ምንድን ነው?

እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ-ተባዮች ነፍሳቱን የሚገድሉት ነርቫቸውን በማወክ ነው። ሰውንም የሚጎዱት በዚሁ መንገድ ነው። የሚገቡት በአፍ ብቻ አይደለም፤ በቆዳና በትንፋሽም ይገባሉ።

ዩሪያ ደግሞ አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይቀየርና በዝናብ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል። ናይትሬት የበዛበት ውሃ በተለይ ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ደም ኦክስጅን በደንብ እንዳይሸከም ያደርጋል። ልብ በሉ፦ ውሃውን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የምንለው አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው።

✅ ገበሬው ምን ያድርግ?

1. ባዶ ዕቃውን 3 ጊዜ በውሃ ያለቅልቅ። ያለቀለቀበትን ውሃ መርጫው ውስጥ ጨምሮ ማሳው ላይ ይርጨው። ከዚያ ዕቃው ዳግም እንዳያገለግል ይብሳው። የት እንደሚያስረክበው የግብርና ባለሙያውን ይጠይቅ፤ ማቃጠል መርዛማ ጭስ ያመጣል።

2. ኬሚካል በሃይላንድ ፕላስቲክ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀዳ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

3. መርጫውን ወንዝ ውስጥ አይጠብ። ነፋስ ሲበረታ ወይም ዝናብ ሲያስገመግም አይርጭ። አመሻሽ ላይ ቢረጭ ንቦቹም ወደ ቀፏቸው ስለሚመለሱ ይተርፋሉ።

4. ዩሪያን በአንዴ ከመበተን ከፋፍሎ ይጨምር፤ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲልም ይቆይ። የፍግ ክምር ከጉድጓድ ውሃ ይራቅ።

5. ከርጭት በኋላ ምርቱ ስንት ቀን ቆይቶ መሰብሰብ እንዳለበት መለያው ላይ ተጽፏል። ማንበብ ካልቻለ ልጁ ያንብብለት።

🚑 እነዚህን ካያችሁ ጊዜ አትፍጁ!

ከርጭት በኋላ ምራቅና እንባ መብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር። ጓንት አድርጋችሁ ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት። ኬሚካሉን የጠጣ ሰው ካለ በግድ አታስመልሱት። ወተትም ማርከሻ አይደለም፤ ወተት ፍለጋ ሰዓት አታባክኑ። ዕቃውን ከነመለያው ይዛችሁ ኑ፤ እኛ ሐኪሞች የምንሰጠውን መድኃኒት የምንለየው በእሱም ጭምር ነው።

ከተማ ያላችሁ ደግሞ አትክልቱን በሚፈስ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ።

ሼር አድርጉት፤ ስልክ የሌላቸው ዘመዶቻችሁ ጋ የሚደርሰው በእናንተ አፍ ነው።