የገጹ ባለቤት ማን ነው? በቨርቹዋል ማሽን ድራይቨር ውስጥ የሜሞሪ ሳንካ ፍለጋ

ከርነል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የሜሞሪ ቁራሽ በየትኛውም ቅጽበት ባለቤት አለው። ባለቤቱ ይጠይቃል፣ ይጠቀማል፣ ይመልሳል። በድራይቨር ላይ የሚደርሱ የሜሞሪ ጥፋቶች ስማቸው ቢበዛም ይህ ሥርዓት የፈረሰባቸው ናቸው፦ ወስዶ ሳይመልስ የቀረ፣ ከመለሰ በኋላ የነካ፣ አንዱን ሁለቴ የመለሰ፣ ከድርሻው አልፎ የጻፈ። ነገሩ ወላይታ ላደገ ተማሪ አይከብድም። መሬት ጠቦ ሕዝብ በበዛበት አገር፣ የኮንትራቱ ጊዜ አልቆ ማሳው ለሌላ ከተሰጠ በኋላ የቀድሞው ተከራይ በሬውን ጠምዶ ቢገባ የሚጠፋው የአዲሱ ሰው ቡቃያ ነው። አቤት ብሎ የሚጮኸውም አዲሱ ሰው ነው። ከርነል ሲወድቅም ብዙ ጊዜ የወደቀው ኮድ ተበዳዩ እንጂ በዳዩ አይደለም።

ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚወጣው የጥሪ ዝርዝር ጥፋቱ የታየበትን ቦታ ይነግራል፤ ጥፋቱ የተሠራበትን ላይነግር ይችላል። ጀማሪ ግን ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ ወዳየው ፈንክሽን ይሮጥና ፖይንተሩ ባዶ እንዳይሆን ማጣሪያ ጨምሮ «ተስተካከለ» ይላል። አልተስተካከለም፤ ጥፋቱ ሌላ ተበዳይ ፍለጋ ሄዷል። ሪፖርቶች ተከታትለው ሲወጡም መነበብ ያለበት የመጀመሪያው ነው። ለምን ቢሉ፣ ከመጀመሪያው በኋላ ያሉት ቀድሞ ከተበላሸ ከርነል የወጡ ናቸውና። ከርነሉ ራሱ ከዚያ ወዲያ «ተበክያለሁ» የሚል ምልክት ያስቀምጣል።

በዳይና ተበዳይ አንድ የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ የላከው ማሻሻያ ያስከተለው ይህን ነው። በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር 20 ግብዓት ብቻ ቀርቦለት 21ኛውን ሊያነብ ሄደና ማሽኑን ይዞ ወደቀ። ማይክሮሶፍት የተጎዱትን ማሽኖች 8.5 ሚሊዮን ገደማ ብሎ ገምቷል። ጉዳቱ ሰፊ ይሁን እንጂ ለመርማሪ ይህ ቀላሉ ዓይነት ነው። ከድርሻ አልፎ ማንበብ ወይ እዚያው ይጥላል ወይ የውሸት እሴት ይሰጣል፤ የጎረቤትን ንብረት ግን አያበላሽም። መጻፍ ነው አስቸጋሪው።

አሁን ወደ መለማመጃው እንምጣ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ሊኑክስን የቨርቹዋል ማሽን አስተናጋጅ የሚያደርገው ኬቪኤም ወደ ሊኑክስ 2.6.20 ገባ። ከዚያ በፊት ከርነል የሚመረምር ሰው በተለምዶ ሁለት ኮምፒውተር በሲሪያል ገመድ አያይዞ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ሶዶ ላይ አንድ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ በኪውኢሙ ቨርቹዋል ማሽን ያስነሳል፤ ጂዲቢን ከፖርት 1234 ጋር ያገናኛል፤ ከርነሉን መሐል ላይ አቁሞ ውስጡን ያያል። ሁለት ነገር ብቻ አይርሳ። ከርነሉ የዲበግ መረጃ ተጨምሮበት ይገንባ፤ የአድራሻ ማዛወሪያውም በማስነሻው ትዕዛዝ ይጥፋ፤ አለዚያ ጂዲቢ የሚያውቀው አድራሻና ከርነሉ የተቀመጠበት አይገጥሙም። ሳንካው ሊፈነዳ ሲቃረብ የማሽኑን ሁኔታ በስናፕሾት ማስቀመጥም ይቻላል። መብራት ቢሄድም ሲመለስ ከዚያው ነጥብ ይቀጥላሉ። ይህ በእውነተኛ ሃርድዌር ላይ የማይገኝ ጸጋ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ግን ችግርም ይጨምራል። እንግዳው ከርነል «ይህ ፊዚካል አድራሻዬ ነው» የሚለው ለአስተናጋጁ ማሽን ከአንድ ፕሮሰስ ቨርቹዋል ሜሞሪ አንዱ ክፍል ነው። እንግዲህ አንድን አድራሻ ስናይ የእንግዳው ቨርቹዋል ነው? የእንግዳው ፊዚካል ነው? ወይስ የአስተናጋጁ? ብለን ሳንጠይቅ አንለፍ። ረስቲ ራስል የጀመረውና በ2.6.24 ወደ ሊኑክስ የገባው ቨርቺዮ የሚሠራው በዚህ ድንበር ላይ ነው። ድራይቨሩ በእንግዳው ሜሞሪ ውስጥ ወረፋ ያዘጋጃል፣ የቋቶቹን ፊዚካል አድራሻ ይጽፍበታል፣ ለአስተናጋጁ ደወል ይደውላል። ቋቱ በወረፋው ላይ ለአስተናጋጁ ከቀረበበት እስከ ምላሹ ድረስ የድራይቨሩ አይደለም፤ የአስተናጋጁ ነው። ይህ የባለቤትነት ዝውውር በኮዱ ውስጥ በአንዲት መስመር ያልፋል፤ ለዚህም ነው የሚዘነጋው።

ሜሞሪ እያለቀ ነው የሚል አቤቱታ ሲመጣ ድራይቨሩን ከመክሰስ በፊት ባሉኑን እንጠይቅ። ካርል ዋልድስፐርገር በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ቪኤምዌር ባቀረበው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ሥራው ግልጽ ነው፦ አስተናጋጁ ሜሞሪ ሲያጥረው እንግዳው ውስጥ ያለው የባሉን ድራይቨር ገጾችን ይዞ ለአስተናጋጁ ይለቃል። ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ መፍሰስ (ወስዶ አለመመለስ) ይመስላል፤ አይደለም። በሊኑክስ የቪኤምስታት ፋይል ውስጥ ባሉኑ የተነፋበት ቁጥር እየጨመረ ከሆነ ሜሞሪው የት እንደሄደ ታውቋል። ይህን ሳያዩ ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ማንበብ ድካም ነው።

ባሉኑ ንጹሕ ከሆነና ሊመለስ የማይችለው የስላብ (የከርነሉ ትናንሽ ቁራሾች ማከፋፈያ) መጠን ሥራ ሲጨምር አድጎ፣ ሥራ ሲቆም ካልወረደ፣ መፍሰስ አለ ብለን እንጠርጥር። ኬሜምሊክ የተባለው መሣሪያ ከ2.6.31 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። ሜሞሪውን እያሰሰ ማንም የማይጠቁመውን ቁራሽ ከነጠያቂው የጥሪ ዝርዝር ያወጣል። ገደቡን ግን እንወቅ። ድራይቨሩ ገጾችን በቀጥታ ከገጽ አከፋፋዩ ከወሰደ ኬሜምሊክ አይከታተላቸውም፤ ለዚያ ፔጅ ኦነር የሚባለው አለ። አንድ ቋት በፊዚካል አድራሻው ብቻ ተመዝግቦ ሲገኝ ደግሞ ኬሜምሊክ ያላግባብ «ፈሰሰ» ሊል ይችላል፤ ፊዚካል አድራሻን እንደ ፖይንተር አያውቀውምና።

ከመለሱ በኋላ መንካትን ለመያዝ ዋናው መሣሪያ ካሳን ነው፤ በሊኑክስ 4.0 ገባ። ለእያንዳንዱ 8 ባይት አንድ የጥላ ባይት ይይዛል። ኮምፓይለሩ በእያንዳንዱ ንባብና ጽሑፍ ፊት ፍተሻ ያስገባል፤ ፍተሻውም ጥላውን ያያል። ሪፖርቱ ሦስት ታሪክ ይነግራል፦ ማን ነካ፣ ማን ጠይቆ ነበር፣ ማን መለሰ። ዓይናችሁን በሦስተኛው ላይ ጣሉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሳይጨርስ የመለሰው ዘንድ ነው፤ ሰዓት ቆጣሪ ሳያቆም፣ የተቀጠረ ሥራ ሳይሰርዝ የመለሰ። ሁለት ጊዜ መመለስንም ይኸው መሣሪያ ይይዛል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ መምህር ዘሎት የሚያልፈው ነገር አለ፤ እኔ የምቆየው በዚህ ነው። ካሳን የሚያየው በኮምፓይለሩ ፍተሻ የገባበትን ኮድ ብቻ ነው። ድራይቨሩ ቋቱን ለአስተናጋጁ ሰጥቶ፣ ምላሽ ሳይጠብቅ መለሰው እንበል። ገጹ ለሌላ ሥራ ይሰጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስተናጋጁ በቅን ልቡና በዚያው አድራሻ ላይ ይጽፋል። የጻፈው ከእንግዳው ውጭ ያለ ፕሮሰስ ነው። ካሳን ዝም ይላል። የሚወድቀው ምናልባት ከድራይቨሩ ጋር ምንም የማይገናኝ የፋይል ሥርዓት ኮድ ነው።

ታዲያ በምን ይያዛል ቢሉ፣ በመርዝ ይያዛል። የስላብ ዲበግ ሲበራ የተመለሰ ቁራሽ በ6ቢ ባይቶች ይሞላል። እንደገና ሲሰጥ ከርነሉ መርዙ እንዳለ መሆኑን ያያል፤ ተነክቶ ካገኘው «መርዙ ላይ ተጽፏል» ብሎ ይጮኻል። ማን እንደጻፈ ግድ የለውም፤ ከውጭም ይምጣ ከውስጥ መርዙ ከተነካ ያውቃል። ድክመቱ መዘግየቱ ነው፤ ጻፊውን እጅ ከፍንጅ አይይዝም። በመርዙ ላይ የተገኘው ጽሑፍ ራሱ ግን ምስክር ነው። የኔትወርክ ፓኬት ራስጌ የሚመስል ከሆነ የኔትወርክ ድራይቨሩን ያዙ፤ የዲስክ ይዘት ከሆነ የዲስኩን። በሌላ በኩል አንድ ፖይንተር ሙሉ በሙሉ 6ቢ ሆኖ ከተገኘ ከተመለሰ ነገር ውስጥ የተነበበ ነው፤ 5ኤ ከሆነ ገና ዋጋ ሳይሰጠው የተነበበ ነው።

ጻፊውን እዚያው ለመያዝ ለቨርቹዋል ማሽኑ ቨርቹዋል አይኦኤምኤምዩ ስጡት፤ የቨርቺዮ መሣሪያውም በእርሱ በኩል እንዲያልፍ እዘዙ። ያን ጊዜ ድራይቨሩ ቋቱን ሲያስረክብ ፈቃድ ይጻፋል፣ ሲረከብ ፈቃዱ ይሰረዛል። ፈቃዱ ከተሰረዘ በኋላ የመጣ ጽሑፍ ሜሞሪው ጋ ሳይደርስ በስሕተት ይመለሳል። ያለዚህ ዝግጅት ቨርቺዮ በነባሪው ፊዚካል አድራሻን በቀጥታ ስለሚያስተላልፍ የዲኤምኤ (መሣሪያ ሜሞሪን በቀጥታ የሚነካበት መንገድ) ዲበግ መሣሪያውም አያየውም።

ይህ ዓይነቱ ጥፋት አብዝቶ የሚገኘው ድራይቨር በሚነቀልበት ኮድ ውስጥ ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ መሣሪያውን ዳግም ማስጀመር፣ ቀጥሎ በወረፋው ያልተመለሱትን ቋቶች ነቅሎ መልቀቅ፣ በመጨረሻ ወረፋውን ማፍረስ ነው። ዳግም ማስጀመሩ ለምን ቀደመ ቢሉ፣ የአስተናጋጁን ባለቤትነት የሚያቋርጠው እርሱ ነውና። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠበት ኮድ በባዶ ማሽን ላይ ሺህ ጊዜ ቢነቀል ላይወድቅ ይችላል፤ በወረፋው ላይ የሚበር ቋት የለማ! ስለዚህ ስትፈትኑ ዲስኩ ወይም ኔትወርኩ በሥራ ተጨናንቆ ሳለ ንቀሉት። በስታክ ላይ ያለ ተለዋዋጭ አድራሻም ለመሣሪያ አይሰጥም፤ ከ4.9 ወዲህ የከርነል ስታክ በቀጥታ ካርታ (ፊዚካል አድራሻ በቀላል ስሌት በሚገኝበት ክልል) ላይ ላይሆን ይችላል።

ማስተካከያው ከተጻፈ በኋላ ካሳን ዝም ማለቱ አይበቃም። ካሳን ከርነሉን ያዘገያል፤ ሁለት ክንውኖች በጠባብ ጊዜ ሲጋጩ የሚወለድ ሳንካ በዘገየ ማሽን ላይ ሊደበቅ ይችላል። ያለ ካሳን፣ በ5.12 የገባውን ኬፌንስን አብርታችሁ በሙሉ ፍጥነት አስኪዱት። ኬፌንስ በነባሪው በየ100 ሚሊሰከንዱ አንድ ቁራሽ ብቻ ለይቶ ስለሚጠብቅ ሸክሙ ቀላል ነው፤ በዚያው ልክ በአንድ ሰዓት ፈተና ምንም ላያገኝ ይችላል። ድራይቨሩን በጭነት ላይ እየተከሉና እየነቀሉ ለቀናት ይተዉታል፤ የከርነሉንም መዝገብ ከእንግዳው ውጭ፣ በአስተናጋጁ ዲስክ ላይ በሲሪያል በኩል ያስቀምጣሉ፤ እንግዳው ሲወድቅ የራሱን መዝገብ ይዞት ይሄዳልና።